ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች፣ ስማቸው የጠፋ ቀዬዎች

«መንደር 20» እና «መንደር 21»።

ሰኔ 27 ቀን 2014 ዓ.ም. በቄለም ወለጋ ዞን፣ ሐዋ ገላን ወረዳ፣ ለምለም ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ሲጨፈጨፉ በዜናው የተሰሙት የቦታ ስሞች እነዚህ ነበሩ። ሰው ሰምቶ አዘነ፣ ተቆጣ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዜና ዞረ። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ቀረ፤ ሰው ተወልዶ፣ ወልዶ የሚኖርበት መንደር ለምን በቁጥር ይጠራል?

የኢትዮጵያ ገበሬ ቀዬውን በቁጥር አይጠራም። ስሙን የሚሰጠው ወንዙ ነው፣ ዋርካው ነው፣ ታቦቱ ነው፣ የሼኹ መቃብር ነው፣ አለዚያም ጫካውን መንጥሮ መጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው። ቁጥር የሚሰጠው ቢሮ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ያነሳቸውን ሰዎች በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ጣቢያዎቹን መንደር 1፣ መንደር 2 እያለ ቆጠራቸው። በፓዌ ዛሬም «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል ቁጥር የሚመልስ ሰው ሞልቷል። ዶክተር አሉላ ፓንክረስት በቄቶ ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር ኖረው ያጠኑት መንደር «መንደር ሦስት» ይባል ነበር፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ ታትሟል።

ስለ ቁጥሮቹ ቢያንስ ወሬ ተሰምቷል፤ ደም ፈሶባቸዋልና። ያልተሰማው የሌላው ጫፍ ታሪክ ነው። በወለጋ፣ በመተከል፣ በኢሉባቦርና በጋምቤላ አንድ ቁጥር ሲተከል በወሎ ደጋ ላይ ስም ያለው አንድ ቀዬ፣ ወይም የቀዬው ግማሽ፣ ባዶ ቀርቷል። ያ ስም ማን ነበር? ስንት ጭስ ይወጣበት ነበር? ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ፣ ከከላላ እስከ ሳይንት ባሉት ቀበሌዎች ይህን አንድ ላይ ሰብስቦ ለሕዝብ ያቀረበ መዝገብ የለም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አላጣም። ሰው የለቀቀው አገር «ጠፍ» ይባላል፤ «አገሩ ጠፍ ሆነ» ሲባል ያልተረሳ ግን ያልታረሰ መሬት ነው የሚታየን። «ባድማ» ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በአንድ በኩል ፈርሶ ኦና የቀረ ስፍራ ነው፤ በሌላ በኩል «ቀዬና ባድማዬ» ሲባል የአባት አያት መኖሪያ፣ ሰው የሚናፍቀው እትብቱ የተቀበረበት ቦታ ነው። አንድ ቃል ቤትንም ፍርስራሽንም የሚጠራበት ቋንቋ ያለው ሕዝብ በዚህ ጉዳይ ልምድ አለው ማለት ነው።

ልምዱም ረጅም ነው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ የለጋምቦን ውርጭ ያቋርጣል። ከፍታው ገብስ እንኳ በጭንቅ የሚያፈራበት፣ ብዙ ገበሬ የበልግ ዝናብን አንጋጦ የሚጠብቅበት፣ በልግ ከቀረ ዓመቱ የሚቀርበት ምድር ነው። ከዚያ ወዲያ ምድሩ በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በሰሜን ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ይወርዳል። ይህ አካባቢ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ የሚባለው አገር ነው፤ የሳይንቷ ተድባበ ማርያም የዚያ ዘመን ምስክር ናት። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ የኦሮሞ ጎሳዎች መጥተው ሰፈሩበትና ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ የሚሉትን ስሞች ሰጡት። ስሞቹ ቀሩ፣ ሰዉ ተዋለደ፣ እስልምናና ክርስትና በአንድ ቤት ውስጥ ተጋቡ። እንግዲህ ቦረና ከሚባል አገር ሄዶ ወለጋ የሰፈረ ሰው በልጅ ልጁ ዘመን «መጤ» ተብሎ ሲገደል፣ ገዳዩም ሟቹም ስለ አገሩ ስሞች ታሪክ ትንሽ ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ ይሆን ያሰኛል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» ይህን ደጋ አራቁቶታል። የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ወሎን ጨርሶ በመጨረሻ የንጉሡን ዙፋን ይዞ ወድቋል። በነዚያ ጊዜያት ግን ሰው የሚሰደደው በራሱ እግር ነው። ወደ ጎጃም ይሻገራል፣ ወደ ሸዋ ይወርዳል፣ ዘመድ ይጠጋል፣ ጉልበቱን ይሸጣል። ዝናብ ሲመጣ ከሞት የተረፈው ይመለሳል፤ ሲመለስም የአባቱ ማሳ ከነድንበሩ ይጠብቀዋል፤ ባይጠብቀው እንኳ የሚከራከርለት ዘመድና ሽማግሌ አለው። ረሃብ መንደርን ያራቁታል እንጂ ስሙን አይፍቅም ነበር።

ሰባ ሰባት ከዚህ የተለየው በሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ሰውን ያነሳው ረሃቡ ብቻ ሳይሆን መንግሥት መሆኑ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ለዓለም ካሳየ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር፣ የሰፈራው ዘመቻ ተጀመረ። ዕቅዱ 300,000 አባወራ፣ በሰው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ 600,000 ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነው። ከፊሉ በፈቃዱ ሄዷል፣ ይህን መካድ አይገባም። ልጁ በእጁ ላይ የሞተበት ሰው «ለም መሬት አለ፣ በሬ ይሰጥሃል» ሲባል ለምን ይጠራጠራል? ኮታው ከወረደ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አውራጃው ለወረዳው፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበሩ ቁጥር አወረደ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቁጥሩን የሚሞላው ከየት ነው? ከደካማው፣ ከባላንጣው፣ ግብር ካልከፈለው፣ ገበያ ከወጣው። እህል ሊቀበል መጥቶ መኪና ላይ የተጫነ፣ ሚስቱ እቤት እየጠበቀችው አንቶኖቭ ላይ የተሳፈረ ሰው ታሪክ በብዙ ጥናቶችና ምስክርነቶች ተመዝግቧል። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን በአደባባይ በመናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከሀገር ተባሯል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ ከሀገር ወጥተው በጻፉት መጽሐፍ አፈጻጸሙን አጥብቀው ተችተውታል።

ሁለተኛው ልዩነት መሬቱ አለመጠበቁ ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ መሬት የገበሬው አባት አይደለም፣ የመንግሥት ነው፤ የሚያከፋፍለውም የገበሬ ማኅበሩ ነው። ሰፋሪው መኪና ላይ ሲወጣ ማሳው ወደ ማኅበሩ ተመለሰ፣ ማኅበሩም ለቀረው ጎረቤት አደለው። ይህን ያደረገው ጎረቤት ሌባ አይደለም። እሱም ተርቧል፣ እሱም ልጅ ቀብሯል፣ የተሰጠውን ተቀብሏል። ውጤቱ ግን በእስክሪብቶ የተሠራ ባድማ ነው። ቤቱ ፈረሰ፣ ግድግዳው ለማገዶ ሄደ፣ የግቢው ካብ ድንጋይ ለእርከን ተወሰደ። የሄደው ሰው የሚታወቅበት ነገር ቢኖር የቀረ የቁልቋል አጥር፣ አንድ ሁለት ባሕር ዛፍ፣ ተሰብሮ የተጣለ የወፍጮ መጅ ነው። እሱም አሁን አርባ ዓመት አልፎታል።

የሄዱበት አገርም ባዶ አልነበረም። ይህ ሁልጊዜ የሚዘለል ክፍል ነው። ካርታ ላይ «ጠፍ መሬት» የተባለው የበለስ ሸለቆ ጉሙዞች እያፈራረቁ የሚያርሱት፣ የሚያድኑበት፣ ማር የሚቆርጡበት ምድር ነበር። ለፓዌ ሲባል እነሱ ተገፉ። የወለጋ ኦሮሞ ገበሬም ሳይጠየቅ መሬቱ ተሸንሽኖ፣ ለማያውቀው ሰው ጎጆ ሥራ፣ እህል አዋጣ ተብሎ ታዟል። አንዱን ድሃ ከባድማው ነቅሎ የሌላውን ድሃ ባድማ መውሰድ የተለመደ የቢሮ ሥራ ሆኖ አለፈ። ሰፋሪና ነባር ለረጅም ጊዜ በሰላም ከኖሩ፣ ከተጋቡ፣ ቡና አብረው ከለቀሙ ምስጋናው የሁለቱ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ቢሮ ምንም ድርሻ የለውም።

ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ጥበቃው ሲላላለት በእግሩም በመኪናም ወደ ወሎ ተመለሰ። ሲመለስ የገጠመው ነገር ከ1966ቱ ተመላሽ የተለየ ነው። ማሳው የሌላ ሰው ነው። ሊከራከርበት የሚችል ርስት የለም። ከፊሉ በወንድሙ መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆነ፣ ከፊሉ ደሴና ኮምቦልቻ ወርዶ ተሸካሚ ሆነ፣ ከፊሉ ደግሞ ተመልሶ ወለጋ ገባ። ይህ ሦስተኛው ሰው ለዛሬው ጉዳይ ቁልፍ ነው። በ1977 በግድ ሄዷል የሚባለው ሰው በ1984 ወይም በ85 በፈቃዱ ሄዷል፤ ምክንያቱም አገሩ ውስጥ አገር አላገኘም። በ1995 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 440,000 አባወራ በሦስት ዓመት ለማስፈር ሲያቅድ ሰፈራው በየክልሉ ውስጥ ብቻ እንዲሆን መወሰኑ አንድ ነገር ገብቶት ነበር ያሰኛል። ቀድሞ ክልል አቋርጠው ስለሰፈሩት ግን ምንም አላለም። እነሱ «ሰፋሪ» እንደተባሉ ቀሩ።

«ሰፋሪ» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቃሉ የቢሮ ቃል ነው፤ አንድን ሰው በመንግሥት ፕሮግራም ወደ አዲስ ቦታ የሄደበትን ሁኔታ ይገልጻል። ሁኔታ ደግሞ ያልፋል። በ1990 ዓ.ም. ጊምቢ የተወለደች ልጅ የሰፈረችው የት ነው? ኦሮምኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ወሎን በስም እንጂ በዓይን አታውቀውም። ሆኖም «ሰፋሪ» ናት፤ ልጇም ሰፋሪ ነው። ቃሉ እንደ ዘር ሲወረስ ጠመንጃ የያዘ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም ልብ አላለውም።

መጣም። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ ቀበሌ ሰዎች ለስብሰባ ተብለው ትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 54 አስከሬን መቆጠሩን ዘገበ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ የሆነው የባሰ ነበር፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ከቀናት በኋላ ማንነታቸው የተለየ 338 ሟቾች እንዳሉ ተናግሯል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ በሰባ ሰባት ከወሎ የሄዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ከላይ የተጠቀሰው የለምለም ቀበሌ ነው። መንግሥትና ከሞት ያመለጡ ሰዎች የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊትን (መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን) ከሰሱ፤ ቡድኑ አልፈጸምኩም ብሎ ገለልተኛ ምርመራ ጠየቀ።

የተረፉት ወዴት ሄዱ? ወደ ወሎና ወደ ሰሜን ሸዋ። ሐብሩ ወረዳ ጃራ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ በሸራ ድንኳንና በመጋዘን ውስጥ ተጠለሉ። እዚህ ላይ ነው የሁለት ጊዜ ባድማ ታሪክ የሚገናኘው። ወለጋ ላይ «አገራችሁ ወሎ ነው» ተብለው ተባረሩ። ወሎ ሲደርሱ የተመዘገቡት «ከወለጋ የመጡ ተፈናቃዮች» ተብለው ነው። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ክልሎች ተስማምተው መመለስ ሲጀመር ደግሞ «ወደ ቀዬአችሁ ተመለሱ» ተባሉ፤ ቀዬ የተባለው ቁጥሩ ነው። በሦስቱም አፎች ውስጥ አያታቸው የተነሳበት የወሎ ቀዬ ስም አንድ ጊዜም አልተጠራም። ክልሉ ከ1995 ወዲህ ለገበሬው የሰጠው አረንጓዴ የይዞታ ደብተርም ታሪኩን የሚጀምረው በዕለቱ መሬቱ ላይ ከተገኘው ሰው ነው። ከእሱ በፊት ማን ነበር የሚል ዓምድ የለውም።

ይህን ሥራ ከዜሮ የሠሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከ700,000 በላይ ፍልስጥኤማውያን ከመንደሮቻቸው ሲወጡ ተመልሰው እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ አብዛኞቹ መንደሮች ፈረሱ፣ በብዙዎቹ ላይ ደን ተተከለ፣ የካርታው ስም ተቀየረ። የታሪክ ምሁሩ ወሊድ ኻሊዲ የተመራማሪዎች ቡድን አስተባብረው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ 418 መንደሮችን አንድ በአንድ መዘገቡ። ስም፣ የሕዝብ ብዛት፣ የእርሻ ስፋት፣ ምን ይዘራ እንደነበር፣ መስጊዱ፣ መቼና እንዴት ባዶ እንደሆነ፣ ዛሬ በቦታው ምን እንደሚታይ። አንዳንዱ መንደር ላይ የቀረው የቁልቋል አጥርና የድንጋይ ክምር ብቻ ነው ይላል፤ የወሎ ሰው ይህን ሲያነብ ግር አይለውም። ሊፍታ የምትባለው መንደር ኢየሩሳሌም መግቢያ ላይ ቤቶቿ እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 የፈረሰችው ዒምዋስ ደግሞ ፍርስራሿ መናፈሻ ውስጥ ነው፤ ሰው ሽርሽር ይሄድበታል።

ሁለቱን አንድ ማድረግ ግን ስህተት ነው። እዚያ ጦርነትና ሁለት ብሔራዊ ጥያቄዎች አሉ፤ መንደሩን የወሰደው ሌላ መንግሥት ነው። እዚህ የራሱ መንግሥት የራሱን ዜጋ አነሳ፤ ባዶ የቀረውን ማሳ የወሰደውም ጎረቤት ነው፣ ብዙ ጊዜም ዘመድ። ስለዚህ የፍልስጥኤሙ መዝገብ የክስ ፋይል የመሆን ባሕርይ አለው፤ የወሎው ያንን መሆን አይኖርበትም። መወሰድ ያለበት ዘዴው ነው። ሕዝብ ተበታትኖ፣ ማኅደር በሌላው እጅ ሆኖ፣ ከሽማግሌ አፍና ከአሮጌ የግብር መዝገብ አራት መቶ መንደር ማንሳት እንደሚቻል ታይቷል። ወሎ ውስጥ ከዚያ የሚቀል እንጂ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ቋንቋው አንድ ነው፤ ወደ መንደሩ መሄድ የሚከለክል የድንበር ዘብ የለም።

ቦረና ሳይንት ላይ የደንቆሮ ጫካ በብሔራዊ ፓርክነት ተከልሏል። ቀይ ቀበሮው ይቆጠራል፣ ጭላዳው ይቆጠራል፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። በዚያው ወረዳ ከሰው የጎደለ መንደር ግን አልተቆጠረም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ጊዜው አይደለም የሚል ነው። እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ ደብተርና መቅረጫ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር ሰው በሁለቱም ወገን ሰላይ ሊባል ይችላል። ነገር ግን በሰባ ሰባት ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ስልሳን ደፍኗል። ብዙዎቹ ደግሞ ገጠር ሳይሆኑ መጠለያ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ተሰብስበው ነው ያሉት። ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል፤ እነሱ ግን ይጠብቁ እንደሆነ ዋስትና የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ስም ከተመዘገበ ነገ የመሬት ጥያቄ ይመጣል፣ ያሁኑ ባለ ይዞታ ይታመሳል» ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በዚያ ደጋ ላይ የአንድ ሰው ይዞታ ሲበዛ አንድ ሄክታር ቢሆን ነው፤ የሚነጠቅ ትርፍ የለም። ስለዚህ መዝገቡ የማሳ ወሰን መጻፍ የለበትም። የመንደሩ ስም፣ የነበረው ቤት ብዛት፣ የተነሳበት ወር፣ የሄደበት ቁጥር፣ የተመለሰና ያልተመለሰ ሰው፣ ይበቃል። መሬት ጠያቂ ቢመጣ እንኳ መዝገብ ስለሌለ አይቀርም። ያለ መዝገብ ሲመጣ በወሬና በዘር ነው የሚመጣው፤ ያንን ደግሞ ወለጋ ላይ አይተነዋል።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጡ የታሪክና የሶሺዮሎጂ ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ። አንድ ተማሪ አንድ ቀበሌ ቢይዝ፣ ሽማግሌዎቹን ቢያነጋግር፣ ስልኩ ላይ ድምፃቸውን ቢቀዳ፣ ከዚያ ሐይቅ ወርዶ ከዚያ ቀበሌ የሄዱትን ቢፈልግ ግማሹ ተሠራ። መጠለያ ውስጥ ላለች አዛውንት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከየት ተፈናቀሉ?» ከሆነ መልሱ ቁጥር ነው የሚሆነው። «ሲወለዱ ውኃ የሚቀዳው ከየትኛው ምንጭ ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ ግን የምንጩን ስም ይናገራሉ፤ መንደሩም ከምንጩ ብዙ አይርቅም።